እናቲቱ ዓሣ ወደ ባሕር ትመለስ

ገበሬ ምንም ያህል ቢቸግረው ያረገዘች ላም አያርድም። ቢያርድ የዛሬውን ሥጋ ያገኝ ይሆናል፤ የነገውን ጥጃና ወተት ግን በገዛ እጁ አጥፍቷልና ጎረቤት ሁሉ ያዝንበታል። ይህ በየብስ ላይ የጸና ሥርዓት ውሃ ዳር ሲደርስ የሚዘነጋ ይመስላል። ዓሣ ከዓይን ተሰውሮ የሚኖር ፍጥረት በመሆኑ፣ መንጠቆውን የሳበ ሰው የያዛት እናት ትሁን አትሁን ሳይመረምር ወደ ከረጢቱ ይከታታል።

ይህን አሳብ እንድናነሣ ያስገደደን በሰላማዊ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ ሕዝብ በብዛት የሚያጠምደው ሰርፍ ፐርች የተባለው ዓሣ ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ይሁን እንጂ በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በሎስ አንጀለስ ቋንቋችንን የሚናገሩ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከዚህም በላይ ዓሣው የሚያስተምረው ትምህርት ለራሳችን ሐይቆች የሚተርፍ በመሆኑ ጉዳዩ ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም።

ስሙ ፐርች ይባል እንጂ በጫሞና በአባያ ሐይቆች ከሚገኘው ግዙፍ ናይል ፐርች ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። አብዛኛው ዝርያ በአንድ ወይም በሁለት መዳፍ የሚያዝ፣ ሰውነቱ ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ ነው። የሚኖረውም ማዕበል ተሰብሮ አሸዋውን በሚያምስበት ዳርቻና ወደ ባሕር በተዘረጉት መድረኮች ምሰሶዎች ሥር ነው። ስለዚህ ጀልባ የሌለው ሰው ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። ልምድ ያለው አጥማጅ ውሃው በሸሸ ጊዜ ዳርቻውን ተመልክቶ ማዕበሉ የቦረቦራቸውን ጉድጓዶች ልብ ይላል፤ ውሃው ተመልሶ ሲሞላ ዓሣው የአሸዋ ሸርጣን እየፈለገ ወደነዚሁ ጉድጓዶች ይጠጋልና። አንድ ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ ትንሽ የእርሳስ ክብደት፣ አንድ መንጠቆና ከእግሩ ሥር ቆፍሮ ያወጣው ሸርጣን ይበቁታል።

የካሊፎርኒያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1910 በሕገ መንግሥቱ የማጥመድ መብቱን አስከብሯል። ዛሬም ከሕዝብ የባሕር መድረክ ላይ ለሚያጠምድ ሰው የፈቃድ ወረቀት አይጠየቅም። ስለዚህም መድረኩ ደመወዙ ያነሰው ሠራተኛ፣ ጡረተኛውና አዲስ መጤው ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙበት የጋራ ማዕድ ነው። ጥያቄያችንም ይህን የጋራ ማዕድ የሚጠብቀው ማን ነው? የሚል ነው።

መልሱ ከዓሣው ተፈጥሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1852 ጃክሰን የተባለ ሰው በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በሶሳሊቶ፣ ከያዛቸው ዓሦች አንዷን ሲከፍት ሕይወት ያላቸው ግልገሎች ከሆዷ ወጡ። ነገሩን የሰማው ዕውቁ የተፈጥሮ ሊቅ ሉዊ አጋሲ በመጀመሪያ ቢጠራጠርም፣ ማስረጃውን ካየ በኋላ በ1853 ለዓለም አስታወቀ። እንቁላሏን በውሃ ከምትበትነው የባሕር ዓሣ ይህች ትለያለች፤ ጽንሷን በማኅፀኗ ለወራት ተሸክማ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጸደይና በበጋ፣ መዋኘት የሚችሉ ልጆች ትወልዳለች።

የነገሩም ክብደት እዚህ ላይ ነው። እንቁላል የሚበትኑት ዓሦች በሚሊዮን የሚቆጠር ዘር ሲጥሉ፣ ሰርፍ ፐርች በአንድ ወሊድ የምታገኛቸው ልጆች ብዙውን ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው። የተወለዱትም በውቅያኖስ ሞገድ ተወስደው ሩቅ አገር አይበተኑም፤ እናታቸው በኖረችበት አካባቢ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ዳርቻ እናቶቹን ካጣ፣ ከሌላ ዳርቻ ፈጥኖ የሚተካለት የለም። «ባሕር አያልቅም» የሚለው አባባል ለዚህ ዓሣ አይሠራም። ያረገዘች ዓሣ በመድረኩ ወለል ላይ ስትንፈራገጥ ልጆቿን እዚያው የምትጥልበት ጊዜ አለ። ይህን ያየ ሰው የወሰደው አንድ ዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ሊገነዘብ ይገባል።

ሕጉ በከፊል ይህን ተረድቷል። በሳን ፍራንሲስኮና በሳን ፓብሎ ባሕረ ሰላጤዎች፣ ሻይነር ከተባለው ትንሽ ዝርያ በቀር፣ ከሚያዝያ 1 እስከ ሐምሌ 31 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ሰርፍ ፐርችን ማጥመድ ክልክል ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ሰፊ የባሕር ዳርቻ ግን በመውለጃው ወቅትም ቢሆን ማጥመድ ይፈቀዳል፤ ቁጥሩ ይወሰን እንጂ እናትን ከሌላው የሚለይ ድንጋጌ የለም። ሕግ ዝም ባለበት ኅሊና መናገር አለበት። ሆዷ የሰፋውን ዓሣ በእርጥብ እጅ ይዞ፣ መንጠቆውን በዝግታ ነቅሎ ወደ ውሃው መመለስ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ ነው።

«የተራበ ሰው ያገኘውን ይለቃል ወይ?» የሚለን አይጠፋም። የችግረኛውን ድርሻ አንነፍገውም፤ ወንዱም ያላረገዘችውም ለምግብ ይበቃሉ። እንዲያውም ድኻውን የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። የኢንዱስትሪ መርዝ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዓሦች ገላ ውስጥ በመከማቸቱ፣ የግዛቱ የጤና ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ2011 ከዚያ የተያዘውን ሰርፍ ፐርች ማንም እንዳይበላ መክረዋል። ፋብሪካ ያቆሸሸውን ውሃ ለማጽዳት ያልደከመ ኅብረተሰብ አጥማጁን ብቻ ቢወቅስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

እኛስ? በጣና ሐይቅ ባርበስ የሚባሉት ዓሦች ለመራባት በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ፣ መረብ ከፊታቸው ተዘርግቶ ሲጠብቃቸው ኖሯል፤ ቁጥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእጅጉ አሽቆለቆለ። ባሕሩ ቢለያይም ጥፋቱ አንድ ነው፤ እናትን በመውለጃዋ ደጃፍ መጠበቅ።

የሠራዊቱ አባላት የሆናችሁ አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት፣ እውነተኛ ሥርዓት የሚፈተነው አለቃ በሌለበት ሰዓት ነው። በባሕር መድረክ ላይ፣ በንጋት ጨለማ፣ አጥማጁን የሚያይ የለም። እጁ ላይ የምትንፈራገጠው እናት ብቻ አለች። ይመልሳት፤ ለከርሞም መንጠቆውን ይዞ ሲመጣ ባዶ ባሕር አይጠብቀውም።