በእንተ መርኆ፦ ለምዕራብ ጎጃም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢው ገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊቃነ መናብርት፣ ሒሳብ ሹሞችና ገንዘብ ያዦች ሆይ፤

ገበሬው በቆሎውንና በርበሬውን በአህያ ጭኖ መጋዘናችሁ ድረስ አምጥቶ፣ ሚዛኑን አይቶና ደረሰኙን ተቀብሎ፣ የቀረውን ሁሉ ለሕሊናችሁ ትቶ ወደ ቀየው የሚመለስ ስለሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ አደራ ነው። አደራ እንዴት እንደሚጠበቅ ለማወቅ በየአጥቢያችን የቆመውን ሙዳየ ምጽዋት መመልከት ይበቃል፤ በብዙ ደብር ሣጥኑ ከአንድ በላይ ቁልፍ ተሠርቶለት ቁልፎቹ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይቀመጣሉና፣ ቄሰ ገበዙም ሆነ የሰበካው ሹም ለብቻው ሊከፍተው አይችልም። በዚህ ሥርዓት የተቀየመ ካህን አላየሁም።

ዛሬ ካዝናው ከብረት ወደ ስልክ ተዛውሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም መስኮታቸውን በየኪሳችን ከከፈቱ ወዲህ፣ መርኆው፣ ማለትም ቁልፉ፣ የይለፍ ቃል ሆኗል፤ እኛ ግን ለብረቱ ቁልፍ የነበረንን ጥንቃቄ ለዚህ ቃል ነፍገነዋል። ስሙን በማልጠራው በአንድ ማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ የባንኩም የኢሜይሉም የቴሌግራሙም የይለፍ ቃል አንድ ሆኖ፣ እርሱም የሒሳብ ሠራተኛው የስልክ ቁጥር ሆኖ፣ በካርቶን ክዳን ላይ ተጽፎ ከጠረጴዛው በላይ ተለጥፎ አይቻለሁ። አብረውኝ የገቡ አንድ አዛውንት የማኅበሩ አባል ጽሑፉ ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው፣ «ታዲያ ማታ ማታ በሩን ለምን ትቆልፉታላችሁ?» አሉ። የመለሰላቸው አልነበረም።

አንድ ቃል ለሁሉ ማድረግ የሚያስከትለው ጥፋት ግልጽ ነው፤ ከአንዱ ቦታ የተሰረቀውን ቃል ሌባው በሌሎቹ በሮች ሁሉ ይሞክረዋል። ዐሥር ልዩ ልዩ ረጃጅም ቃላት በልቡ ይያዝ ብሎ ማንንም ማስገደድ ግን ከሰው ተፈጥሮ በላይ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ጠበብት የይለፍ ቃል ማኅደር የሚሆን መሣሪያ ሠርተዋል፤ ብራናው በቆዳ ማኅደር እንደሚጠበቅ፣ ይህም መሣሪያ ለእያንዳንዱ ሒሳብ ማንም የማይገምተውን ረጅም ቃል ራሱ እያወጣ፣ ሁሉንም በምስጢር ጽሕፈት ለውጦ በአንድ ዋና ቃል ይዘጋቸዋል። ኪፓስ የተባለው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ መዝገቡን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያኖር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት አገር ሰው የዚህን ጥቅም ሳይነገረው ያውቀዋል። መዝገቡ ግን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ቅጂው በፍላሽ ተደርጎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። መስመር ባለበት ደግሞ ቢትዋርደን የተባለው ሌላ መሣሪያ ብዙ ሠራተኞች አንዱን ማኅደር በየራሳቸው መግቢያ እንዲጠቀሙበት፣ ከሥራ የለቀቀውም መግቢያው እንዲዘጋ ያስችላል፤ ያን ጊዜ እርሱ ያየውን ቃል ሁሉ መለወጥ እንዳይረሳ።

ዋናው ቃል የልጅ ስምና የልደት ዓመት ከሆነ ግን ማኅደሩ ከንቱ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ላስትፓስ ከተባለው ድርጅት የደንበኞች ማኅደር ቅጂ በተሰረቀ ጊዜ፣ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡት ዋና ቃላቸው ደካማ የነበረ ሰዎች ናቸው። እርስ በርስ የማይዛመዱ አምስትና ስድስት የአማርኛ ቃላት፣ ለምሳሌ እንሥራ፣ ዋንዛ፣ ሐሙስ፣ ጉንዳን፣ ምሰሶ፣ በላቲን ፊደል ቢደረደሩ ለማስታወስ ይቀላሉ፣ ለመገመትም ይከብዳሉ፤ እነዚህን ግን አሁን ብዙዎች አንብበዋቸዋልና የራሳችሁን ምረጡ። የተመረጠውም በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በሁለት ሰዎች ፊርማና በማኅበሩ ማኅተም በብረት ካዝና ይቀመጥ፤ ሒሳብ ሹሙ ታሞ ቢተኛ ወይም ቢሞት የገበሬው ገንዘብ አብሮት እንዳይቀበር።

ማኅደሩ የማያድንበትም ቦታ አለ። «ከባንክ ነው የምንደውለው» ብሎ በስልካችሁ የደረሰውን የማረጋገጫ ቁጥር ለሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን የሚያነብለት ካለ፣ የትኛውም መሣሪያ አያስጥለውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት የሚገባውን ይቀጣል፤ ዳሩ ግን ሌባው ቢታሰርም ቃሉን በካርቶን ላይ የጻፈው ሰው ሕሊና ዕዳውን ይዞ ይኖራል፣ የዘር መግዣውን ያጣውን ገበሬም ክረምቱ ሳይጠብቀው ያልፈዋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ አዲሱ በቆሎ ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩ፤ የማኅበሩን ሒሳቦች ማን እንደሚከፍታቸው፣ ማኅደሩን የሚይዙት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ የታሸገው ፖስታም የት እንዳለ በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ፣ ማንበብ ለማይችሉት አባላት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። እኒያም አዛውንት ጥያቄያቸውን ይዘው ከፊት ወንበር ይቀመጡ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአገራችሁ ልጅ