ጨጓራን የሚያሳምመው በርበሬ ብቻ አይደለም



ሃያ ሁለት አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ብትገቡ «አልጫ ይሁንልኝ፣ ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው ሳትሰሙ አትወጡም። በርበሬ፣ ቡናና አልኮል የታመመ ጨጓራን ማስቆጣታቸው እውነት ነው። የጨጓራ ቁስለት ዋና መነሻዎች ግን ሌሎች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ይህን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ባክቴሪያው በተልባም ሆነ በአብሽ አይጠፋም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀናት፣ ቀለል አለኝ ብሎ ሳያቋርጡ መጨረስ ያስፈልጋል። መዳንን ለማረጋገጥም የሰገራ ምርመራ ይሻላል፤ የደም ምርመራ ከዳኑም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ይችላልና።

ሁለተኛው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ይህ በተለይ እኛን አያቶችን ይመለከታል። ለጉልበትና ለወገብ የምንውጣቸው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ጨጓራን የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ። አንዲት ጎረቤቴ በርበሬ ትተው፣ ጠዋት ጠዋት ተልባ እየጠጡ፣ ለጉልበታቸው ግን በየቀኑ ክኒን ይውጡ ነበር። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ለልጃቸው የነገሯት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ነው። ለካ ጨጓራቸው እየደማ ኖሯል። ሆስፒታል ገብተው፣ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ።

ታዲያ የምግብ ጥንቃቄ ከንቱ ነው? አይደለም፤ ስቃይን ያቀላል። ጥቂት ጥቂት እየከፈሉ መብላት፣ በባዶ ሆድ ቡና አለመጠጣት፣ እራትን ከመኝታ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መጨረስ፣ ጾም ሲፈታም በቅባትና በሥጋ ሆድን ድንገት አለመሙላት ይረዳል። ወተት ለጊዜው ቢያበርድም ቆይቶ አሲዱን ያነሳሳል። የሚያስቆጣችሁን ምግብ ለይታችሁ ተዉ፤ ያልጎዳችሁን ሁሉ እየተዋችሁ ግን ሰውነታችሁን አታክሱ።

ልጆች ሆይ፣ የእናት አባታችሁን የመድኃኒት ፌስታል ከፍታችሁ እዩ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ካለ ሐኪም ሳታማክሩ አታስቁሙ። ስለ ሰገራቸውም ሳታፍሩ ጠይቋቸው። የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለው ትውከት፣ ያለምክንያት መክሳት ወይም ምግብ ለመዋጥ መቸገር ካለ ተልባ ማፍላቱ ይቅርና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።