ደቦ ለሐዋሳ ሐይቅ

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ ፍቅር ሐይቅ ዳር የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ጠጥታችሁ የጣላችሁት ሃይላንድ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ወንዝ ቢሆን ይዞት ይሄዳል። ሐዋሳ ሐይቅ ግን የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ የከተማው ጎርፍ ይገባበታል፣ ከሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ፀሐይዋ ውሃውን ታተነዋለች፤ ፌስታሉን ለኛው ትተወዋለች።

90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ለሌለን ሰዎች ባሕራችን። ጫጉላው እዚህ፣ የዓመት ፈቃዱ እዚህ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤልን ለማንገሥ የምንጎርፈው እዚህ።

ከተማው የተቆረቆረው በ1952 ዓ.ም ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ግን ከከተማው በብዙ ይቀድማል። ኮከብ ቆጣሪዎቹ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ለየጎሳው ይነገራል። በዓሉ የሚያስታውሳት ሴት፣ አባቶች እንደሚያወሩት፣ ከተዳረች በኋላ በዓመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ቡሪሳሜ ይዛ ነበር፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ። ጎረቤት ሁሉ ተካፈለው። ዛሬም ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ይበላሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እኔን የሚገርመኝ ግን መዝገቡ ሳይሆን ያቺ ሴት ናት፤ ለጥየቃ ስትመጣ ባዶ እጇን አልመጣችም። እኛስ ሐይቁን ስንጠይቅ ምን ይዘን ነው የምንመጣው?

በፊቼ ጊዜ የጎሳ መሪዎች ከሚመክሩት አንዱ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ነው። ተራራው ሲራቆት አፈሩ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነዋ። ጎረቤቱ ጨለለቃም አንድ ጊዜ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል።

ስለዚህ ደቦ እንጥራ። በየወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል። ወፉ አባ ኮዳ የዓሣውን አንጀት ያነሳልናል፤ የቀረው የኛ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች፣ ጠባብ ዓይን ያለውን መረብ አውጡት፤ ጫጩቱን ቆሮሶ ዛሬ ከጨረሳችሁት ለከርሞ ምን ታወጣላችሁ? ባለ ሆቴሎች፣ ቆሻሻ ውሃችሁ ሳይጣራ ሐይቁን እንዳይነካ አድርጉ፤ ደግሞም ደቦ ያለ ምግብ አይሆንምና የቅዳሜው የዓሣ ሾርባ ከእናንተ ነው። ላይ አገር ያላችሁ ገበሬዎች፣ ችግኙን እናመጣለን፣ ጉድጓዱን አብረን እንቆፍራለን።

እንግዶችም ቆማችሁ እዩ አልተባላችሁም። ጓንት ያለው ጓንት፣ ጆንያ ያለው ጆንያ ይያዝ። ባለ ጀልባዎች ግን ቀደም በሉ፤ ደንገሉ ውስጥ የተወሸቀውን በእግር አንደርስበትም።