ራሱን የማይጠራጠር ታዛቢ

ዐይኑን ጨፍኖ ሲሽከረከር የቆየ ልጅ፣ ከቆመም በኋላ ገና የሚዞር ይመስለዋል፤ እንዳይወድቅ ብሎ ወደ ሌላው ጎን ሲያዘነብል ያን ጊዜ ይወድቃል። የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ሂቶሚ የተባለችው የጃፓን ሳተላይትም የጠፋችው ይህን በመሰለ ስሕተት ነው።

ሂቶሚ ማለት የዐይን ብሌን ማለት ነው። ከሩቅ ሰማይ የሚመጣውን የኤክስሬይ ጨረር እንድትመረምር በየካቲት 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ተወነጨፈች። ሳተላይት ፊቷ ወዴት እንደ ዞረ የምታውቀው መዞሯን በሚለካ ጂሮስኮፕና ከዋክብትን በሚያይ መሣሪያ ነው። ሁለቱም አልፎ አልፎ ስለሚሳሳቱ፣ መሐንዲሶች «ታዛቢ» የሚሉትን ስሌት በኮምፒዩተሯ ውስጥ ያኖራሉ፤ ይኸውም የሁለቱን ወሬ እያመዛዘነ እውነተኛውን አቋሟን ይገምታል። አንደኛው መሣሪያ ቢታመም እንኳ ሥራው እንዳይቋረጥ ስለሚያደርግ ጥቅሙን አልክድም።

በመጋቢት 17 ቀን ግን ሂቶሚ ወደ አዲስ ዒላማ ዞራ ከቆመች በኋላ፣ ታዛቢው በሰዓት 22 ዲግሪ ያህል ትዞራለች ብሎ ገመተ። ከዋክብትን የሚያየው መሣሪያ የሰጠው ምስክርነት ከግምቱ ራቀ ተብሎ ተጣለ። ፀሐይን የሚያይ መሣሪያም ነበራት፤ እርሱን የጠየቀው የለም። መዘውሮቿ ያልነበረውን መዞር ለማቆም ሲታገሉ በእውነት አዞሯት። በመጨረሻም ትንንሾቹ ሮኬቶች ተነሡ፤ አስቀድሞ የተሰጣቸው ቍጥር የተሳሳተ ስለ ነበር መዞሩን አባባሱት፤ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበሉት ክንፎቿም ተሰበሩ።

ይህን ለጓደኞቼ ባነሣ «ጥፋቱ ቍጥሩን ያስገባው ሰው ነው» አሉኝ። እኔ ግን አልስማማም። ሮኬቶቹ ሳይነሡ ሳተላይቷ መዞር ጀምራ ነበር። ደግሞስ ሰው ቍጥር የማይስትበት ቀን መቼ ይመጣል? (እኔም ባለፈው ፈተና የመቀነስን ምልክት ረስቼ ዐሥር ነጥብ አጥቻለሁ።) በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥፋት፣ ግምቱና የመሣሪያው ምስክርነት ሲራራቁ ታዛቢው መሣሪያውን ብቻ እንዲጠረጥር መደረጉ ነው። ራሱንም መጠርጠር፣ ሦስተኛ ምስክርም መጥራት ነበረበት። እንዲህ ያለው ጥርጣሬ በከንቱ ማስጠንቀቂያ ሥራ ያስፈታል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ያስፈታል። ነገር ግን ከንቱ ማስጠንቀቂያ የሚያስቀረው የጥቂት ጊዜ ምርመራ ነው፤ ዝምታው ያሳጣው ግን ሳተላይቷን በሙሉ ነው።

ተተኪዋ ክሪዝም የተወነጨፈችው በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. ነው። የሂቶሚን ምርመራ ይጠብቁ የነበሩት የከዋክብት ተመራማሪዎች ከሰባት ዓመት በላይ ቈዩ።