ትልቁን ላፕቶፕ ለተጓዥ ማሸከም ይብቃ

«ላፕቶፕ ከገዙ አይቀር ትልቁን» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚልክ ዘመድ ትንሹን መላክ ያሳፍረዋል። ሻጩ «ስክሪኑ ሰፊ ነው» ብሎ ዋጋ ይጨምርበታል። የመሥሪያ ቤቱ ግዥ ክፍል ደግሞ የአምናውን ዝርዝር መግለጫ ገልብጦ «15.6 ኢንች» ብሎ ይጽፋል። ዕቃውን የሚይዘው ሰው በምን ተሳፍሮ እንደሚሄድ፣ የት ቁጭ ብሎ እንደሚሠራ የጠየቀ ግን የለም። ይህ ልማድ ስህተት ነው እላለሁ። ሥራው ከቦታ ቦታ ለሚያዞረው ሰው የሚገባው ላፕቶፕ ከ14 ኢንች ያልበለጠው ነው።

ዋጃን እንመልከት። ከተማዋ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ናት። በዚህ የራያ ቆላ የቢሮ ሥራ የሚባለው ነገር ግማሹ መንገድ ላይ ነው። የግብርና ባለሙያው ጠዋት የመስኖ ጉድጓድ አይቶ ከሰዓት የዞብልን ዳገት ይወጣል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላ ሙከራ ከሚያካሂድባቸው ቦታዎች አንዱ ቆቦ ነው፤ ተመራማሪው መረጃውን የሚሰበስበው ማሳው ዳር ቆሞ ነው። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪም መጠይቁን ይዞ በጎብዬ፣ በሮቢት፣ በቆቦ ይመላለሳል። የእነዚህ ሁሉ መጓጓዣ ሚኒባስና ባጃጅ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳ ማስቀመጫው ጭን ነው። መተላለፊያው በጆንያና በጄሪካን ተሞልቷል፣ ሦስት ሰው የሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ተጨምሯል። ባለ 15.6 ኢንቹ ላፕቶፕ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ አለው፤ ከቻርጀሩ ጋር ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ሊከፍቱት ቢሞክሩ ክዳኑ ከፊት ወንበሩ ጀርባ ጋር ይጋጭና በግማሽ ይቀራል፣ ክርኑም የጎረቤትን ጎን ይወጋል። ደህና የሆነ ባለ 14 ኢንች ያለ ቻርጀሩ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። የክብደቱ ልዩነት ሱቅ ውስጥ አይታወቅም፤ ግንቦት ላይ ከአስፋልቱ ወርዶ በዚያ ፀሐይ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በእግሩ የሚሄድ ሰው ትከሻ ላይ ግን ይታወቃል።

«ግን በትልቁ ብዙ ይታያል» ይባላል። የልማዱ ምሰሶ ይህ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ። ስክሪን ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚታይ የሚወስነው ኢንቹ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት የብርሃን ነጥቦች ብዛት ነው። በየሱቁ በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ባለ 15.6 ኢንቾች 1366 በ768 ነጥብ ያላቸው ናቸው፤ ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ባለ 14 ኢንች ከሁለት ሚሊዮን በላይ አለው። ፊደሉ እንዳያንስ ወደ 125 በመቶ ቢያጎሉት እንኳ፣ ያው የኤክሴል ሰንጠረዥ በትንሹ ላይ ብዙ መስመር፣ በትልቁ ላይ ጥቂት መስመር ያሳያል። ሰው ግን ለትልቁ መስታወት ከፍሎ ያነሰ ገጽ ይዞ ይወጣል። ላፕቶፕን በኢንች መምረጥ የእርሻ በሬን በቀንዱ ርዝመት እንደ መግዛት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የመብራት ጉዳይ ነው። ለአዲስ አበባ ቢሮ የተጻፈ ዝርዝር መግለጫ ሶኬት ሁልጊዜ አጠገብ አለ ብሎ ያስባል። በ2014 ዓ.ም. የጦርነት ወራት ከወልድያ እስከ ቆቦና ከዚያም ወዲያ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ሕዝቡ ምን እንዳሳለፈ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አያስብም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲዘጋ፣ ሪፖርት ለመላክ ላፕቶፕ ተሸክሞ መስመር ወዳለበት መሄድ ግድ ሆኖ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ዋናው ጥያቄ «ቻርጅ ስንት ሰዓት ይይዛል?» እና «በምን ቻርጅ ይደረጋል?» ነው። ሰፊ ስክሪን ለማብራት ብዙ ኃይል ይፈልጋል፤ ርካሾቹ ባለ 15.6 ኢንቾች ግን ብዙውን ጊዜ 41 ዋት ሰዓት ያህል ባትሪ ይዘው ይመጣሉ። ለሥራ ተብለው ከተሠሩት ባለ 14 ኢንቾች ብዙዎቹ ከ50 እስከ 60 ይይዛሉ።

ገበያው አማራጭ አላጣም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ ላፕቶፑን ሳያጠፉ የውጪውን አውጥተው ሌላ መክተት ይቻላል። ይህም፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5ም በታይፕ ሲ ስለሚሞሉ ጠንካራ ፓወር ባንክ ይበቃቸዋል፤ ፓወር ባንኩን ደግሞ በሶላር መሙላት ይቻላል። ያገለገለ ሲገዛ ግን ስክሪኑ ይታይ፤ ቲ480 ራሱ በ1366 ስክሪን የተሸጠም አለ። ባትሪውም አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል ከቻርጀር ነቅሎ መሞከር ያስፈልጋል።

አገራችን ይህን አታውቅም ማለት አይቻልም። ለተራዘመው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ታብሌት ሲገዛ፣ ጤና ሚኒስቴርም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን መዝገብ ወደ ታብሌት ሲያዞር፣ በእግር የሚሄድ ሰው ቀላል ዕቃ እንደሚያስፈልገው ታስቧል። ታብሌት ረጅም ሪፖርት ለመጻፍ አይመችም፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ያው ሐሳብ ላፕቶፕ ሲገዛ የት ይጠፋል? የዓለም ኢንዱስትሪም በ1981 እ.ኤ.አ. ኦዝቦርን 1 የተባለውን 11 ኪሎ ገደማ የሚመዝን «ተንቀሳቃሽ» ኮምፒውተር ከሸጠ ወዲህ ክብደት ለመቀነስ ሲደክም ኖሯል።

የተቃዋሚዬን እውነት አልክድም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር የሚያስገባ ሒሳብ ሠራተኛ በትልቁ ኪቦርድ ላይ ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ይፈልገዋል። ንድፍ የሚሠራ መሐንዲስ ሰፊ ስክሪን ያስፈልገዋል። ዕድሜው የገፋና ዓይኑ የደከመ ባልደረባ በትናንሽ ፊደል መሠቃየት የለበትም፤ ከሁሉም ይህኛው ይከብደኛል። ነገር ግን ሦስቱም ይህን የሚፈልጉት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው። ለጠረጴዛ 22 ወይም 24 ኢንች ሞኒተር ይገዛል፤ ከየትኛውም ላፕቶፕ የሰፋ ነው፤ ላፕቶፑ አርጅቶ ሲቀየርም እሱ ያገለግላል። የቁጥር ሰሌዳም ለብቻው በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ሰውየው ወደ ዋጃ ሲነሳ ሞኒተሩ ቆቦ ይቀራል፣ ትንሹ ላፕቶፕ አብሮት ይሄዳል።

የግዥ ኮሚቴ አባላት ሆይ፣ በሚቀጥለው በጀት ዓመት የአምናውን ወረቀት አትገልብጡ። «15.6 ኢንች» የሚለውን መስመር ሰርዙና በምትኩ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ እንዳይበልጥ፣ ስክሪኑ ከ1920 በ1080 እንዳያንስ፣ ባትሪው ቢያንስ 50 ዋት ሰዓት እንዲሆን፣ በታይፕ ሲ እንዲሞላ ጻፉ። ከመፈረማችሁ በፊትም መስክ የሚወጣውን ባለሙያ ጠርታችሁ አማክሩት። ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም ትንሹን ለመላክ አትፈሩ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለተጨማሪ ባትሪና ለፓወር ባንክ አውሉት።