የላስታ ማር ስም ይውጣለት

ስለ አገራችን የውጭ ንግድ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ በቡና ይጀመራል፤ በቡናም ያልቃል። ያለ ምክንያትም አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ውጭ ከምንልከው ሁሉ በዋጋ ከግማሽ የሚበልጠው ቡና ነበር፤ ዛሬም ከእርሻ ምርቶቻችን መካከል የሚቀድመው የለም። እኛ ግን በዚህ እትም ልናነሣ ያሰብነው የላስታን ማር ነው። ቡናን የምንጠቅሰው ለማሩ ትምህርት እስከሚሆን ድረስ ብቻ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ለየአገሩ ኮታ እየደለደለ ዋጋውን ደግፎ ይዞት ነበር። ኮታው በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ ዋጋው ተንሸራተተ፤ በ1994 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ የሐረርጌ ባላገር ቡናውን እየነቀለ ጫት እስከ መትከል ደረሰ። በቅርቡ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። በ2016 የበጀት ዓመት ወደ 300 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቡና 1.4 ቢሊዮን ዶላር ሲያስገኝ፣ በ2017 ወደ 470 ሺህ ቶን የሚጠጋው ከ2.6 ቢሊዮን በላይ አስገኘ። ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከዚህ ጭማሪ ውስጥ ብራዚል ዝናብ ስላጣች የመጣው ስንት ነው? በእኛ ጥራትና ትጋት የመጣውስ ስንት ነው? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ እስካሁን አላየንም።

ዋጋን ከሌላው ሰው ዝናብ በጥቂቱም ቢሆን የሚያላቅቀው ጥራት ነው፤ ጥራትም ያለ ስም ዋጋ አያወጣም። ይህን መንግሥት ራሱ ተረድቶት በ1997 ዓ.ም. ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ አመለከተ፤ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣውም ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቡናው በምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ፣ የአንዱ ገበሬ ከሌላው ጋር በደረጃ እየተደባለቀ የበቀለበት እርሻ የማይታወቅ ሆነ። ይህን የሚያላላ አዋጅ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በአንድ እጃችን የተከልነውን በሌላው መንቀል ልማዳችን ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ላስታ እንውጣ። ንጉሡ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡትና ስሙም ከዚያ እንደ ወጣ ገድሉ ይነግረናል። ስሙን ከንብ ያገኘ አገር፣ ማሩ ግን ገበያ ላይ ስም የለውም። መሬቱን የምናውቅ እናውቀዋለን፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በታች ገደላማው ሁሉ ታርሶ ገብሱና ባቄላው ከቤተሰብ ጉሮሮ አይተርፍም። 1977 ዓ.ምንም ያልረሳ አገር ነው። ንብ ግን የእርሻ መሬት አትጠይቅም። መሬት ያልደረሰው ወጣት ቀፎውን ከብት በተከለከለ ተረተር ላይ ሊያኖር ይችላል፤ ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ከዚያ የሚቆረጠው ማር ከየትም አገር ማር ጋር ቢወዳደር አያፍርም።

የሚሸጠውስ እንዴት ነው? ባላገሩ ዕዳና የልጆቹ ወጪ ስለሚያጣድፈው ንቦቹ በሰም ያልከደኑትን እንጀራ ሳይቀር ይቆርጣል፤ ጢሱ፣ እጩና ሰሙ አንድ ላይ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ነጋዴው ከሌላ ስፍራ ማር ጋር ይደባልቀዋል። በመካከሉ ስኳር የሚጨምር አይጠፋም፤ አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢም የጨመረውንና ያልጨመረውን ሳይለይ ለሁሉም የተጭበረበረ ማር ዋጋ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ የሚጠነቀቅ ሰው ለምን ይደክማል?

አገራችን በማር ከአፍሪካ አንደኛ ናት። የአውሮፓ ኅብረት ማራችንን እንድናስገባ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈቅዷል። ዳሩ ግን ወደ ውጭ የሚሄደው ከጠቅላላው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። ጠጁን እኛ ጠጥተን ሰፈፉ ነጥሮ ሰም ይሆንና ባሕር ይሻገራል፤ በሰም ንግድ ዓለም ያውቀናል። በጠጅ ላይ ቂም የለንም! ነገር ግን ጠጅ ቤት ስለ ማሩ ንጣት ተጨማሪ ብር አይከፍልም።

ለላሊበላ ማር ጥሩ ይከፍል የነበረው ጎብኚ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ቀረ፤ በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ገባ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ባላገሩ ዋጋ የመምረጥ መብቱን ያጣል። ይህን ተማሪ ሊያቃናው አይችልም፤ ቢሆንም ሁሉ ነገር ሰላምን ይጠብቅ ማለትም ለስንፍና ይመቻል።

ዓለም አቀፉ መመዘኛ የማር እርጥበት ከመቶ 20 እጅ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ይቦካል። ይህን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በመዳፍ የሚያዝ ነው፤ አንዲት ጠብታ ይበቃዋል። የኬሚስትሪ ክፍል መምህራኖቻችን አጠቃቀሙን በአንድ ከሰዓት ሊያስተምሩን ይችላሉ። የእርሻ ተማሪ የተከደነውን ካልተከደነው ለይቶ መቁረጥን ያሳይ፤ የሕግ ተማሪ የላስታ ንብ አርቢዎች ማኅበራት የጋራ የንግድ ምልክት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚያስመዘግቡበትን ማመልከቻ ያርቅቅ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪ በየሳምንቱ የገበያውን ዋጋ ይመዝግብ። ስለ ማር የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ታትመው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ አሥር ገጽ በማይሞላ አማርኛ ተጽፎ ለአርቢዎቹ ቢደርስ ከብዙ ስብሰባ ይሻላል።

ማሩ የሚቆረጠው በጥቅምት ነው። በዚህ ሥራ ለመግባት የሚፈቅድ ተማሪም ሆነ መምህር ከመስከረም በፊት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።