ፀሐይ ማጥፊያ የላትም

የቤታችን አምፑል ቢያስቸግር ማጥፊያውን ተጭነን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ኮረንቲ የሚያስፈራ ቢሆንም ማጥፊያ አለውና በእጃችን ነው። ዳሩ ግን በጣራ ላይ ተዘርግቶ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሰሌዳ፣ በተለምዶ ሶላር የምንለው፣ ጠባዩ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ብርሃን እስካገኘ ድረስ ኮረንቲ ከመስጠት አያርፍም፤ ፀሐይን የሚያጠፋ ሰው የለምና። ውድ አንባቢ፤ በዛሬው ዓምዳችን የምንመለከተው ይህ ጠባይ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ነው።

ጥበቡ ከተገኘ ቆይቷል። ከሲሊከን የተሠራው የፀሐይ ሴል በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ ሲታይ፣ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚገኘው ጥሩ ሰሌዳ ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣል። በቤት ውስጥ የሚሠራበትም መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በአገራችን ገጠር የታወቀው ነው፤ ቀን ባትሪ ይሞላል፣ ማታ ባትሪው ያበራል። ሁለተኛው በጀርመንና በካሊፎርኒያ ጣራዎች ላይ የተስፋፋው ሲሆን፣ ከከተማው የመብራት መስመር ጋር ተያይዞ ይሠራል። በዚህኛው፣ ኢንቨርተር የሚባለው ሣጥን ከሰሌዳዎቹ የሚመጣውንና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰውን ዲሲ ኮረንቲ ተቀብሎ፣ እንደ ከተማው መስመር ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሲ ኮረንቲ ያደርገዋል። ቤቱ የሚበቃውን ይጠቀማል፤ የተረፈው በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ጎረቤት ቡና ያፈላበታል።

እንግዲህ አደጋው ከወዴት ነው? በመጀመሪያ ቮልቱን እንቁጠር። 400 ዋት የሚሰጥ አንድ ሰሌዳ ሥራ ሳይሰጠው ሲለካ 37 ቮልት ያህል ያሳያል እንበል። ይህ ብቻውን ብዙ አያስፈራም። ነገር ግን ሰሌዳዎቹ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ሽቦ ተከታትለው ስለሚያያዙ ቮልታቸው ይደመራል፤ አሥሩ 370 ቮልት ይሆናሉ። ይህ ሰውን ለመግደል የሚበቃ ኃይል ነው። ከዚህም በቀር፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሙቀት ሳይሆን ብርድ ቮልቱን ከፍ ያደርገዋል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በታች በየዲግሪው 0.3 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ስፍራ፣ 5 ዲግሪ በሆነበት ጧት፣ 370 የነበረው ወደ 392 ቮልት ይጠጋል። ኢንቨርተሩ ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ቮልት በላዩ ተጽፏልና፣ ስሌቱ በአካባቢው እጅግ በሚበርደው ጧት መሠራት አለበት። በቀትር ሙቀት ያሰላ ሰው መሣሪያውን በውርጭ ያቃጥላል።

ሁለተኛው አደጋ ብልጭታ ነው። የከተማው ኮረንቲ አቅጣጫውን ሲለውጥ በሴኮንድ 100 ጊዜ ለቅጽበት ከዜሮ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ በሽቦ መለያያ ላይ የተነሣ ብልጭታ ቶሎ የመጥፋት ዕድል አለው። የፀሐዩ ኮረንቲ ግን ዜሮ የሚባል ዕረፍት የለውም። ሥራ ላይ ያለውን ማያያዣ የነቀለ ሰው በሁለቱ ጫፎች መካከል የማያቋርጥ ነበልባል ሊጠብቀው ይችላል። ላልቶ የታሰረ ወይም ከተለያየ ፋብሪካ የመጣ ማያያዣ ተጋጥሞ ሲሠራም፣ ቀስ በቀስ ግሎ ጣራውን ያቃጥላል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በ2014 እትሙ፣ በጣራ ላይ ያለው ሽቦ በአደጋ ጊዜ ቶሎ ኃይሉ እንዲወርድ ማዘዝ የጀመረው፣ እሳት ለማጥፋት ጣራ ላይ የሚወጡትን ሰዎች በማሰብ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የዚህም ሥራ ደኅንነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ በመጀመሪያ የሰሌዳዎቹን ብረትና የኢንቨርተሩን ሣጥን ከመሬት ሽቦ ጋር ያያይዛል። ቀጥሎ የቤቱን ብሬከር አጥፍቶ፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በመሣሪያ ለክቶ፣ የኤሲውን ሽቦ ያስራል። በዲሲው በኩል ደግሞ ከሰሌዳዎቹ ተርታ አንዱን ማያያዣ ክፍት አድርጎ ይተውና ሽቦውን እስከ ማጥፊያው ይዘረጋል። ማጥፊያው እንደተዘጋ ክፍቱን ማያያዣ ይገጥማል፤ ከዚያም ቮልቱ ካሰላው ጋር መስማማቱን፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩም አለመለዋወጣቸውን ይለካል። ከዚህ በኋላ ብቻ በፋብሪካው መመሪያ በተጻፈው ተራ ያበራል።

ለማጥፋት ሲፈለግም ተራ አለው። በተለምዶ በመጀመሪያ የኤሲው ብሬከር ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ኢንቨርተሩ ሥራውን ስለሚያቆም በዲሲው ሽቦ የሚፈስ ኮረንቲ አይኖርም። ቀጥሎ የዲሲው ማጥፊያ ይጠፋል። ከዚያም በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ በውስጡ የተጠራቀመ ኃይል አለና። ይህም ሁሉ ተደርጎ ከሰሌዳው እስከ ማጥፊያው ያለው ሽቦ ቮልት እንዳለበት ነው።

የቀረው ነገር በቤት ውስጥ ያለውን ሳይሆን በምሰሶ ላይ ያለውን ሰው የሚመለከት ነው። የከተማው መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪ የሌለው ይህ ዓይነት መሣሪያ ፀሐይ እየጠራችም ቢሆን አብሮ ይጠፋል። ገዢው ሰውዬ ይበሳጫል፤ ተታለልኩ ይላል። አልተታለለም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ 15,000 ቮልት ተቀብሎ ለቤት ወደሚሆን 220 ያወርዳል። ይኸው ትራንስፎርመር ከቤት በኩል ኮረንቲ ቢላክበት ወደ ኋላ ይሠራና 220ውን መልሶ ወደ ሺህዎች ያወጣዋል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ፣ በማያውቀው ቤት ጣራ ላይ ባለ ሰሌዳ ምክንያት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛ ኢንቨርተር መስመሩ መሞቱን እንዳወቀ ይቆማል፤ በአሜሪካ ደንብ ከ2 ሴኮንድ በላይ አይፈቀድለትም። መብራት ሲመለስም ወዲያው አይነሣም፤ በተለምዶ 5 ደቂቃ ያህል መስመሩን አይቶ ይነሣል።

ይህ ጠባይ ያለው መሆኑ የሚታወቀው በሣጥኑ ላይ ባለው የምርመራ ምልክት ነው። በዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 62116፣ በአሜሪካ ዩኤል 1741 ይባላል። ምልክቱ የሌለውን በርካሽ አግኝቶ ከመስመር ጋር የሚያያይዝ፣ ወይም ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ሳያስታውቅ በድብቅ የሚቀጥል ሰው፣ ያተረፈው ገንዘብ በሌላ ሰው ነፍስ ላይ የተበደረው ነው።

ተማሪ የሆነ አንባቢያችን ስሌቱን በደብተሩ ይሞክረው፤ ለነገ ሙያ ይሆነዋል። ደመወዙን አጠራቅሞ ቤት ለሚሠራውም፣ ባለሙያውን ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቀው እንመክራለን። በብርዱ ጧት ቮልቱ ስንት ይሆናል? የመሬት ሽቦው የት ነው? መብራት ሲጠፋ ይህ ሣጥን ይቆማልን? ሦስቱን በግልጽ የማይመልስ ሰው ከጣራው ላይ እንዳይወጣ ያድርግ።